አዮዲን በበዛ ቁጥር ለታይሮይድ ጥሩ ነው? ኧረ አይደለም

እህቴ «ታይሮይድ ያለበት ሁሉ የአዮዲን ጠብታ ይውሰድ፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል» ያልሽው ላይ ትንሽ ላርምሽ። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት እንደሚመጣ እውነት ነው፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞን የሚሰራው በሱ ስለሆነ። ግን አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፣ እርጉዝ ብትሆኚ 250 አካባቢ፣ በቃ። 5 ፐርሰንት የሆነው ሉጎል (የአዮዲን ጠብታ ነው) ደሞ አንዷ ጠብታ ብቻ 6 ሚሊግራም ገደማ አላት፣ አስቢው፣ የ40 ቀን ድርሻ በአንዴ! ትርፉ በሽንት መውጣቱ ልክ ነው፣ ችግሩ ከመውጣቱ በፊት እጢው ጋ መድረሱ ነው። ብዙ አዮዲን ሲመጣበት ጤነኛ እጢ ሆርሞን መስራቱን ለጊዜው ያቆምና በቀናት ውስጥ ይመለሳል፣ ሀሺሞቶ (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት ሰው ግን እዛው ቆሞ ሊቀርበት ይችላል፣ ድካሙም ብርዱም ይብስበታል። የቆየ፣ እብጠት እብጠት ያለው እንቅርት ላይ ተቃራኒው ሊመጣ ይችላል፣ ሆርሞኑ ይበዛና ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይከሳል። ሀኪም ሉጎል የሚያዝበት ጊዜ አለ፣ ግሬቭስ (ታይሮይድ ሆርሞን የሚያበዛበት በሽታ) ላለበት ከኦፕሬሽን በፊት ለ10 ቀን ገደማ (እሱም እጢውን ዝም ለማሰኘት እንጂ ለማጠንከር አይደለም)። አዮዲን ያለው ጨው የምትጠቀሚ ከሆነ ጠብታውን ተይውና መጀመሪያ ቲኤስኤች (ታይሮይድ እንዴት እየሰራ እንደሆነ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ተመርመሪ።