አንድ መንደር ስለምን ሁለት ጉርድዋራ ያስፈልገዋል?

ስለ ሲኮች፣ ማለትም ስለ ሲክ እምነት ተከታዮች፣ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው በሕንድ አምሪትሳር ከተማ ወዳለው ወርቃማው ቤተ መቅደስና በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለ ክፍያ ወደሚመገብበት ግዙፍ ማዕድ ቤት ነው። አድናቆቱ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እምነት በሰዎች የዕለት ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ የት ላይስ እንደሚሰናከል ማወቅ የሚሻ ሰው ከወርቁ ላይ ዓይኑን አንሥቶ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ በፑንጃብ የስንዴና የሩዝ ማሳዎች መካከል ወደሚገኙት መንደሮች መመልከት አለበት። እዚያ ጉርድዋራ፣ ማለትም የሲኮች ቤተ ጸሎት፣ የሌለው የሲክ መንደር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የመንደሩ ጉርድዋራ ከሩቅ የሚለየው በረጅም ምሰሶ ላይ በሚውለበለበው ሰንደቁ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከቅዱስ መጽሐፉ፣ ከጉሩ ግራንት ሳሂብ የሚነበበው ጸሎት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ያው ድምፅ ማጉያ ቀን ላይ ሌላ ሥራ አለው፤ ማን እንዳረፈና የሬሳ ማቃጠል ሥርዓቱ በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም፣ የማን ከብት እንደጠፋ፣ የክትባት ባለሙያዎች የት እንደተቀመጡ የሚነገረው በእሱ ነው። በ2025 ክረምት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፑንጃብ በከባድ ጎርፍ በተጥለቀለቀች ጊዜ ለተፈናቀሉት መጠለያና ትኩስ ምግብ በማቅረብ ቀድመው ከተገኙት መካከል ጉርድዋራዎች ነበሩ። ከዚያም በፊት፣ በ2020 እና በ2021 ገበሬዎች መንግሥት ያወጣቸውን ሦስት የግብርና ሕጎች በመቃወም በዴልሂ መግቢያዎች ላይ ከዓመት በላይ ሲሰፍሩ፣ ዱቄቱና ወተቱ፣ ማገዶውና ብርድ ልብሱ ከየመንደሩ የተሰበሰበው በአመዛኙ በእነዚሁ ግቢዎች በኩል ነው። መንግሥት ሕጎቹን በኅዳር 2021 ሲሽር ከጀርባ የነበረውን የእነዚህን ግቢዎች ጉልበት ያስተዋሉት ጥቂቶች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ጉርድዋራውን የመንደሩ እምብርት የሚያደርገው ላንጋር የሚባለው የጋራ ማዕድ ነው። የሚመጣው ሰው ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ ራሱን ሸፍኖ በተዘረጋው ረጅም ምንጣፍ ላይ ከሌሎች ጋር በረድፍ ይቀመጣል፤ ለባለሥልጣን ተብሎ የተለየ ስፍራ፣ ለድኻ ተብሎ የተተወ ጥግ የለም። አንዱ አስተናጋጅ የምስር ወጡን ከባልዲ እየጨለፈ በየሳህኑ ያደርጋል፤ ተከታዩ ትኩስ ቂጣ ያድላል፤ ተቀባዩም ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ሊጡን ያቦካችው፣ ሽንኩርቱን የከተፈው፣ ሁሉም በልቶ ሲነሣ ሳህኑን የሚያጥበው ይኸው የመንደሩ ሰው ነው፤ ደመወዝ የለውም። እህሉ ከየጎተራው፣ ወተቱ ከየበረቱ ይመጣል።

ይህን ሥርዓት እንደ ተራ ምጽዋት ማየት ቁም ነገሩን መሳት ይሆናል። ከ1469 እስከ 1539 የኖሩት የእምነቱ መሥራች ጉሩ ናናክ በራቪ ወንዝ ዳር፣ በካርታርፑር፣ ከተከታዮቻቸው ጋር እያረሱ ሲኖሩ ማዕዱን የጋራ ያደረጉት፣ ማን ከማን ጋር መብላት እንደሚችል በትውልድ ይወሰን በነበረበት ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። በረድፍ አብሮ መቀመጥ ራሱ ስብከት ነበር። የተራበው መጥገቡ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ ነኝ የሚለው ሰው ከታች ነው ከሚለው ሰው ጎን ዝቅ ብሎ መቀመጡም ተፈልጓል።

እንግዲህ በዚሁ በፑንጃብ በብዙ መንደሮች ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጡ ጉርድዋራዎች መኖራቸው ሊያስደነግጠን ይገባል። የበዙት የምእመናን ቁጥር ስለበዛ አይደለም። አንደኛው አብዛኛውን የእርሻ መሬት የያዙት፣ ጃት የሚባሉት ወገኖች ነው፤ ሌላው በትውልዳቸው ዝቅ ተደርገው የሚታዩት የዳሊቶች ነው። የሬሳ ማቃጠያ ስፍራቸው እንኳ የተለያየ መንደሮች አሉ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከፑንጃብ ሕዝብ 32 በመቶ ገደማ የሚሆነው ዳሊት ሲሆን ይህም ከሕንድ ግዛቶች ሁሉ ከፍተኛው ድርሻ ነው፤ ስለዚህ የምንናገረው ስለ ጥቂት ቤተሰቦች አይደለም። በ2021 በሞጋ ወረዳ በምትገኝ አንዲት መንደር ሙስሊሞች የመስጊዳቸውን መሠረት በሚያኖሩበት ቀን ዝናብ ቢያስቸግራቸው፣ የመንደሩ ሰው ጉርድዋራውን ከፍቶ በዓሉ እዚያው እንዲከበር አድርጓል። ለሌላ እምነት ተከታይ በዚህ ልክ ልቡን የሚከፍት ሕዝብ፣ አብሮት ለሚጸልየው የገዛ መንደሩ ሰው ማዕድ ቤቱን ሲያጠብብ ማየት ያማል።

በጃላንዳር አቅራቢያ የምትገኘው የታልሃን መንደር ነገሩን በግልጽ አሳይታለች። እዚያ ባባ ኒሃል ሲንግን ለመዘከር የተሠራው ጉርድዋራ ከሩቅ አገር ሳይቀር ብዙ ስጦታ የሚጎርፍለት ነው። ዳሊቶቹ ቤቱን በሚያስተዳድረው ኮሚቴ ውስጥ ውክልና ሲጠይቁ የገጠማቸው መገለል ነበር፤ ጉዳዩ ከርሮ በ2003 ወደ ደም መፋሰስ አመራ። በመጨረሻ በስምምነት ሁለት ዳሊቶች ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። ልብ ልንለው የሚገባው ክርክሩ ስለ ጸሎት አለመሆኑን ነው። ገንዘቡን ማን ይቆጥራል፣ ቁልፉን ማን ይይዛል፣ ማን ይወስናል የሚለው ነበር ጥያቄው።

አምሪትሳር ያሉት የሃይማኖቱ መሪዎች በየመንደሩ አንድ ጉርድዋራ ብቻ ይኑር እያሉ ጥሪ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ዓላማውን እደግፋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አሳሳቢ ነው። ዳሊቶች የራሳቸውን ቤት የሠሩት መለያየት ስለወደዱ አይደለም፤ በትልቁ ቤት ልጆቻቸው በመጨረሻ ሲስተናገዱ፣ እነሱም ቅዱሱን ምግብ እንዳያበስሉና እንዳያድሉ ሲከለከሉ ስላዩ ነው። በልፋታቸው የሠሩትን ቤት ዝጉና ኑ ማለት፣ በትልቁ ቤት ኮሚቴና ማዕድ ቤት ውስጥ እኩል ስፍራ ሳይሰጡ፣ ያላቸውን አንድ የክብር መጠጊያ ጣሉ ማለት ነው። አንድነት የሚጠይቀው መጀመሪያ ኃይለኛው እንዲለቅ ነው።

ይህ ለእምነቱ ባዕድ አስተሳሰብ አይደለም። በጥቅምት 1920 ዝቅ ተደርገው ይታዩ ከነበሩ ወገኖች የመጡ አዲስ የተጠመቁ ሲኮች ካራ ፕራሳድ የሚባለውን ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የሚሠራ ቅዱስ ምግብ ይዘው ወደ ወርቃማው ቤተ መቅደስ ቢሄዱ፣ ካህናቱ አንቀበልም አሉ። ቅዱሱ መጽሐፍ ተገልጦ ሲነበብ የወጣው ቃል ለሰዎቹ የሚደግፍ ስለነበረ ምግቡ ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ ክስተት በኋላ ነው ታላላቆቹን ጉርድዋራዎች የሚያስተዳድረው ኮሚቴ በዚያው ዓመት የተቋቋመውና በ1925 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ አንድ ጉርድዋራ ይኑር የሚለው ተቋም ራሱ የተወለደው ከእነዚህ ሰዎች እጅ የመጣው ምግብ ይበላ ወይስ አይበላ ከሚል ጥያቄ ነው።

አብዛኞቹ የመንደር ጉርድዋራዎች የሚተዳደሩት ግን በየአካባቢያቸው ኮሚቴ ስለሆነ መፍትሔውን ከአምሪትሳር መጠበቅ አያዋጣም። ከካናዳና ከእንግሊዝ ገንዘብ የሚልኩት የመንደሩ ተወላጆች እዚህ ላይ ከፍተኛ አቅም አላቸው። ብዙው ስጦታቸው ለእብነ በረድ ወለልና ለጉልላት ሲውል ይታያል። ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት በኮሚቴው ውስጥ ስንት ዳሊቶችና ስንት ሴቶች እንዳሉ፣ የገቢና የወጪው ሒሳብ ለመላው መንደር ይነበብ እንደሆነ፣ ካራ ፕራሳዱን የሚያበስሉት እነማን እንደሆኑ ቢጠይቁና መልሱን እስኪያገኙ ድረስ ቢጠብቁ፣ ማንም ሕግ ሊያስገድደው ያልቻለው የመንደር ኮሚቴ ለመስማት ይገደዳል።