ምንጩ በግንቦት ጀሪካን በስንት ደቂቃ ይሞላል?

ክረምት ሲገባ ደሴም ኮምቦልቻም ቦርከናን ይፈሩታል። ደሴን ሰንጥቆ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ የሚወርደው ይህ ወንዝ ከባድ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ዝናቡ ካባራ ግን ብዙም ሳይቆይ ይሟሽሻል፤ በበጋማ ሕፃን ይሻገረዋል። ያ ሁሉ ውሃ አልጠፋም፤ ጥሎን ሄደ እንጂ።

30 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር መሬት ላይ ሲወርድ 300 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። አንድ የሐምሌ ከሰዓት ይህን ሊያወርድ ይችላል። ከዚያ በኋላ የውሃውን ዕጣ የሚወስነው የመሬቱ ሽፋን ነው። በተራቆተ ተዳፋት ላይ ጠብታው አፈሩን ይደበድበዋል፤ የላመው አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ውሃውም አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ሣርና የረገፈ ቅጠል ባለበት ግን ጠብታው ጉልበቱን ጨርሶ ነው የሚያርፈው። ሥርና ምስጥ በከፈቱት መንገድ ይሰርጋል፣ ከወራት በኋላም ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

በኅዳር በቃሉ ወረዳ ከከብት ተከልሎ የከረመ አንድ ተዳፋት ላይ ወጥቼ ነበር። ክትክታው ከወገብ በላይ ደርሷል፤ በመካከሉ ሰንበሌጥ ቆሟል። ቅጠሉን በእጄ ገለጥ ሳደርገው አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ጨብጬ ስለቀው የጣቶቼን ቅርጽ ይዞ ቀረ። በአንድ የድንጋይ ካብ ብቻ የሚለየው የግጦሽ መሬት ግን እንደ ሸክላ ደርቆ ከጫማዬ ሥር ይንኳኳ ነበር። ያው ዝናብ የዘነበበት፣ ያው ተራራ ነው።

ይህን ያነሳሁት በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የምንሰማው የችግኝ ቁጥር ስለሆነ ነው። መትከሉን እደግፋለሁ፤ እኔም ተክያለሁ። ነገር ግን ዛፍ በተተከለ ቁጥር ውሃ ይበዛል የሚለው እምነት ሊታረም ይገባል። ዛፍ ይጠጣል። በብዙ አገሮች ጎን ለጎን በተለኩ ትናንሽ ተፋሰሶች ላይ ደን ሲቆረጥ የዓመቱ ጠቅላላ ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ ደን ቁረጡ ማለት አይደለም። የጨመረው ውሃ በጎርፍ መልክ ከሄደ ለወሎ ገበሬ ምን ይፈይድለታል? የሚቸግረን የግንቦት ውሃ ነው። ለግንቦት የሚያቆይልን ደግሞ ውሃ እንዲሰርግ የሚያደርግ፣ የሰረገውንም ጠጥቶ የማይጨርስ ሽፋን ነው፤ ማለትም ሣሩ፣ ቁጥቋጦው፣ እርከኑ፣ በመሐሉ እንደ ወይራና ጽድ ያለ አገር በቀል ዛፍ።

ባሕር ዛፍን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። የሚተክለውን ገበሬ አልወቅስም፤ አጣናው የቤቱ ቆርቆሮና የልጁ ደብተር ሆኖለታል። ይሁን እንጂ ምንጭ ራስ ላይና ረግረግ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ውሃውን ከመውጣቱ በፊት ይቀበለዋል። ቅጠሉም ለማገዶ ስለሚጠረግ ከሥሩ ያለው መሬት ራቁቱን ይቀራል፤ ከሩቅ ደን የሚመስለው ተዳፋት በዝናብ ጊዜ እንደ ተራቆተ መሬት ጎርፍ ይለቃል። ለባሕር ዛፍ ከምንጭ የራቀ ቦታ አይጠፋም።

ረግረጉንም አንርሳ። በኮምቦልቻና በከሚሴ መካከል ያለው ጨፋ የቦርከናን ጎርፍ ተቀብሎ ያሳድራል፤ በበጋም የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት የሚጠጋው እዚያ ነው። እየተንጣፈፈ በታረሰ ቁጥር ይህን ሥራውን ያጣል።

መለካት ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። በአልቡኮ ወረዳ ማይባር ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጎርፍና የአፈር መሸርሸር የሚለካበት የምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። የምጠይቀው ከዚያ በጣም የቀለለ ነገር ነው። በየቀበሌው ዋና ምንጭ፣ የበልጉ ዝናብ ካባራ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተደግኖ ሰዓት ይያዝ። በስንት ደቂቃ ሞላ? መልሱ በየዓመቱ ከተተከለው ችግኝ ቁጥር ጎን ይለጠፍ።

ከዚያ ከተከለለው ተዳፋት ሥር ያለው ምንጭ በኅዳር ጀሪካኑን በ3 ደቂቃ ሞልቶታል። በግንቦት ተመልሼ እለካዋለሁ።