ሲሾም ያልበላ በጀት

ሰኔ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ አይግጠማችሁ።

አንዲት ፊርማ ፈልጌ ለገሃር አካባቢ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ገና አላለቀም። የበሩ ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ማንን ፈልገው ነው ጋሼ?»

«የሚፈርመውን ሰው።»

«ሥልጠና ሄደዋል።»

«ምክትላቸውስ?»

«አብረው ሄደዋል።»

«እሺ የምክትሉ ተወካይ?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ቢሾፍቱ ናቸው።»

ይህን ሲል ቅር ያለው አይመስልም። በሁለተኛው ዙር የእሱም ስም ተይዟል። የሥልጠናውን ርዕስ ጠየቅኩት። «የተገልጋይ እርካታ» አለኝ። አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

«ካላመኑ ገብተው ይዩ» አለኝ። ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ላስቲካቸው ያልተላጠ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ድረስ ተደራርበዋል። አጠገባቸው የፕሪንተር ቀለም በካርቶን በካርቶን ተቆልሏል። ፕሪንተሩን አውቀዋለሁ። ከሞተ ቆይቷል። ደብዳቤያቸውን ራሴ ውጭ አሳትሜ እንዳመጣላቸው ያደረጉኝ በእሱ ሰበብ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ምሥጢሩን ያውቃላ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ያልተሠራበት ብር ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ሕጉ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ብር የመለሰ መሥሪያ ቤት ለከርሞ በጀት ሲጠይቅ «የአምናውንስ መች ጨረስክ?» ይባላል። ይቆረጥበታል። አራግፎ የጨረሰው ደግሞ «የበጀት አፈጻጸሙ ከፍተኛ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። አፈጻጸም የሚሉት እንግዲህ የብሩን መውጣት ነው። ሥራው ተሠራ አልተሠራ ሌላ ስብሰባ ነው። ሌላ አበል አለው።

አንድ የምወደው ተረት አለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ሌሎቹ ተረቶቻችን ይመክራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያስፈራራሉ። ይሄኛው ይናዘዛል። እንደኔ እንደኔ ስለ አገራችን አስተዳደር ከተጻፈው ሁሉ ይህች አራት ቃል ትበልጣለች። ሰው ግን ስለ ሹሙ ብቻ ይመስለዋል። በጀቱም እኮ ሹም ነው። ሐምሌ 1 ይሾማል፣ ሰኔ 30 ይሻራል። መስከረም ላይ ይኮራል። ጥር ላይ «ግዥው በሂደት ላይ ነው» ይላል። ግንቦት ላይ ላብ ያጠምቀዋል። ሰኔ ሲገባ ሆቴል ይይዛል። ሐይቅ ዳር ቢሆን ይመርጣል።

እስከዚህ ቀልዱ ያስኬዳል። ከዚህ በኋላ ግን ይቆጠቁጠኛል። ብር ተርፎት የሚጨነቀው የዓረብ ሼክ አይደለም፤ የእኛ አገር መሥሪያ ቤት ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ገቢው አይሞላውም፤ ጉድለቱ በብድር ይሞላል። ተበድረን ያመጣነው ብር ታዲያ ሰኔ ላይ «የት ልሂድ?» እያለ ይቅበዘበዛል። እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ጓንት ገዝተህ ና» የተባለ ሰው አውቃለሁ። «የሥልጠናው ብር ለጓንት ይሁን» ብትል ብርን ከአንዱ የበጀት ርዕስ ወደ ሌላው ማዘዋወር ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው ፊርማ ይጠይቃል። የሚፈርመው ሰው ቢሾፍቱ ነው።

ሚኒሶታ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ይህን በስልክ ሳማርርለት «እኛም ጋ ያው ነው» አለኝ። የእነሱ «ያው» ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ስቴታቸው 17.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚተርፈው ተተነበየ። ጠቡ ተጀመረ። አንዱ «የሕዝቡ ነው፣ ይመለስለት» ይላል። ሌላው «ለትምህርት ቤት ይዋል» ይላል። ሦስተኛው «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ይላል። አገረ ገዢው መጀመሪያ ለሰው 1,000 ዶላር እናድል ብለው ነበር። ምክር ቤት ገብቶ ሲወጣ 260 ሆነ። ልጅ ላለው ቤተሰብ ቢበዛ 1,300። እሱም ለሁሉም አይደለም፤ የገቢ ጣሪያ አለው። የአክስቴ ልጅ ተቀበለ፣ በላ፣ አመሰገነ። ከዚያ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መጣና «ይሄማ ገቢ ነው፤ ግብር ይከፈልበታል» አለው። እስከ ዛሬ ያንን ብር ሲያነሳ ደሙ ይፈላል።

ሳነብ የገባኝ፣ እዚያም ትርፉን ማስቀመጥ የራሱ ምክንያት እንዳለው ነው። ከቨርሞንት በቀር ሁሉም ስቴቶች በጀታቸውን በሕግ ማመጣጠን አለባቸው። እንደ ዋሽንግተኑ መንግሥት በየዓመቱ ተበድረው ደመወዝ አይከፍሉም። ገቢ በቀነሰ ዓመት ያላቸው ምርጫ አስተማሪ ማሰናበት፣ ግብር መጨመር ወይም ያስቀመጡትን ማውጣት ነው። ኦሪገን ግን ማስቀመጡን ለሹማምንቷ አላመነችም። ገቢው ከትንበያው በ2 በመቶ ከበለጠ ልዩነቱ ለግብር ከፋዩ ይመለሳል። ሕጉ ከ1979 ጀምሮ አለ። አላስካ ከነዳጇ ብር የተወሰነውን በ1976 ባቋቋመችው ቋሚ ፈንድ ታስቀምጣለች፤ ከትርፉ ለነዋሪው በያመቱ ታካፍላለች። በ1982 የመጀመሪያው ክፍያ ለሰው 1,000 ዶላር ነበር። አሁን እዚያ ምርጫ የሚደረገው «ዘንድሮ ስንት ትሰጠናለህ?» እየተባለ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም።

የካሊፎርኒያ ታሪክ ግን ይጣፍጠኛል። በ2022 ግንቦት ላይ 97.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተርፎኛል አለች። ከብዙ አገር በጀት የሚበልጥ ትርፍ! ለሕዝቡ ብር ተላከ፣ ተጨፈረ። በ2023 ታኅሣሥ የምክር ቤቱ የበጀት ተንታኝ ቢሮ አዲስ ግምት አወጣ። የ68 ቢሊዮን ዶላር ጉድለት። ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው ያለፈው። የስቴቱ ገቢ በሀብታሞች የገቢ ግብር ላይ ይንጠለጠላል። የሀብታሞቹ ገቢ ደግሞ በአክሲዮን ገበያው ላይ ይንጠለጠላል። ገበያው በ2022 ወደቀ። ላም አለኝ በሰማይ የተባለውን ትርፍ ብሎ መዝግቦ ወተቱን አስቀድሞ መጠጣት ይሏል ይሄ ነው።

ከሁሉም ያደነቅኩት የቴክሳስን ነው። በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ በጀታቸው አብሮ ወደቀ። በ1988 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ መጠባበቂያ አቋቋመ። ከነዳጅና ከጋዝ ግብር የተወሰነው ማንንም ሳይጠይቅ ወደዚያ ይገባል። አንድ ሹም ተነስቶ ልክፈተው ቢል አይከፍተውም። ለፈለጉት ጉዳይ ለማውጣት በሁለቱም ምክር ቤቶች ከተሰብሳቢው የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ያለበት ቦታ ብሩ ሳይኖር በፊት ተወስኗል ማለት ነው። ይቀመጥ ወይስ ይበላ የሚለው ክርክር የሚያደክመኝ ለዚህ ነው። ብሩ ጠረጴዛ ላይ ከተቆለለ በኋላ የሚደረግ ክርክር ክርክር አይደለም፤ ምራቅ መዋጥ ነው።

«ቁጠባ እኮ ከመጽሐፍ ነው» የሚሉኝ አሉ። ዮሴፍን ይጠቅሱልኛል። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከአምስት አንዱን እጅ አስቀምጦ በሰባቱ የረሃብ ዓመታት ግብፅን መገበ። እሰየው። ግን ዮሴፍ ክፉው ቀን መቼ እንደሚመጣ በፈርዖን ሕልም ተነግሮታል። ለኛ ዕድር ገንዘብ ያዥ አልተነገራቸውም። ደግሞ ዮሴፍ ያከማቸው እህል ነው። ብር አይደለም።

ቂሜን ልናገር እንግዲህ።

ዕድራችን ካዛንቺስ ነው። ነበር ልበል? ደግ ዕድር ነው። መዋጮው በወቅቱ ይገባል፣ ብር ይተርፈዋል። ከዓመታት በፊት እኔ በጉባኤ ላይ ተነስቼ «ድንኳኑ ተቀዳዷል፣ ወንበሩም አልቋል፣ ብሩ ሳለ እንግዛ» አልኩ። ገንዘብ ያዣችን ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። «ብር ለክፉ ቀን ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ይኸው ነው ንግግራቸው፤ አራት ቃል ብቻ። የኔ ንግግር ረጅምና በሒሳብ የተደገፈ ነበር፤ ማንም አላጨበጨበም።

ብሩ ባንክ ተቀመጠ። በቁጠባ 7 በመቶ ወለደ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሸራውም ብረቱም በዶላር ነው የሚመጣው። የዕድራችን ደብተር ላይ ብሩ በያመቱ ያድጋል። በብሩ የሚገዛው ድንኳን ግን በያመቱ ያጥራል። አሁን ምሰሶው ላይ ደርሰናል።

ይህን ስነግራቸው ገንዘብ ያዣችን ደብተሩን ይገልጡልኛል። «አንዲት ሳንቲም ጎድላለች?» ይሉኛል። አልጎደለችም። የሚያናድደው እሱ ነው። ሰውየው ንጹሕ ናቸው። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ከስሼ ይወጣልኝ ነበር። ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ድንኳን እንከራያለን። ኪራዩን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያው ከክፉ ቀኑ ብር፤ ደረሰኝ ይዘው።

ያች ፊርማዬስ? «ሐምሌ ላይ ይምጡ» ተብያለሁ። ሐምሌ ላይ «አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም» እንደሚሉኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ወንበር እንኳ ሞልቷል፤ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ይለፍ።

ወደ ዕድሩ ልመለስ። የኮሪደር ልማቱ ሰፈራችን ደረሰ። ካዛንቺስ ፈረሰ፤ አባሎቻችን ተበተኑ። ብዙዎቹ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ገቡ። ሰው ተበተነ፣ ብሩ ግን እንደተሰበሰበ ቀረ። ባለፈው እሑድ ከተረፉት ቤቶች በአንደኛው ግቢ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው። የተረፈውን ብር ምን እናድርገው?

የአባላቱ ልጆች «እንካፈል» አሉ። ሒሳቡን በስልካቸው ሠርተው ነው የመጡት፤ የእያንዳንዱን ድርሻ እስከ ሳንቲሙ ያውቃሉ። አንዱማ ድርሻውን አስቀድሞ የተበደረበት ይመስላል። ሽማግሌዎቹ «ይቀመጥ» አሉ። ለምን? «ለክፉ ቀን።» አላስቻለኝም። ተነስቼ «ሰፈር ፈርሶ፣ ጎረቤት ተበትኖ፣ ከዚህ የከፋ ቀን የምትጠብቁት ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩ። ዳኛው «በሥርዓት» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ከገላን ጉራ የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የደረሱት።

«እኔ ድርሻዬን ወስጄ ምን ላደርግበት ነው? ስሞት ቀባሪ ልቀጥርበት?» አሉ። «ብር አልቸገረኝም። የቸገረኝ ሰው ነው። እዚያ ብሞት ማን ይመጣል? ከዚህ ማን ደርሶ? ብሩ ለመኪና ይሁን። ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ሃይገር ይከራይ፤ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ያድርሰን።»

ግቢው ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ልጆቹ ሳይቀሩ «ይሄ ይሻላል» አሉ። እኔም ድንኳኔን ትቼ እጄን አወጣሁ። ጉዳዩ አለቀ ስንል ገንዘብ ያዣችን ኮታቸውን ቆለፉ።

«ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በዓመት ስንት ሰው እንደሚሞት ሳይታወቅ ስንት ሃይገር ይያዛል? ግምት ያስፈልጋል።»

እንደ እውነቱ ጥያቄው ልክ ነው። ካሊፎርኒያም ቢሆን የወደቀችው ግምት ላይ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። የአምናውን ለቅሶ ቆጠረ፣ የካቻምናውን ቆጠረ፣ አካፈለ። ከዚያ «ዕድሜም ይታይ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጸሐፊው ቀና ብሎ የፊተኛውን ረድፍ ማየት ጀመረ። የዕድራችን ታላቅ፣ በከዘራ የሚሄዱት አባታችን፣ ዓይኑ እሳቸው ጋ ሲደርስ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«አንተ ልጅ!» አሉት። «እኔን በዘንድሮው በጀት እንዳትይዘኝ!»