ድርሻዬን ልሽጥ አልኩ እንጂ ብድሬን መልሱልኝ አላልኩም

«ሦስት መቶ ሺህ ብርህን ውሰድና በሰላም እንለያይ።»

ትናንት ማታ የተባልኩት ይህ ነው። ያለኝ ባዕድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይከፋኝም ነበር። አብረን ያደግን፣ አብረን የተማርን፣ ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ አንድ ላይ መኪና የገዛን ጓደኛዬ ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እቤት አውርቼ አውርቼ ጨርሻለሁ፣ እስኪ እዚህ ልተንፍሰው።

ሦስት ነን፣ የደብረ ብርሃን ልጆች። አንዱ ሹፌር ነው። አንዱ እህል ይነግዳል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በ2011 ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር በ900 ሺህ ብር ገዛን፣ ሦስት ሦስት መቶ ሺህ አውጥተን። የእኔ 300 ሺህ ከየት እንደመጣ እኔ ነኝ የማውቀው። ግማሹ ከቁጠባ ማኅበር የተበደርኩት ነው፣ በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ሦስት ዓመት ከፍዬዋለሁ። ሌላው የሚስቴ እቁብ ነው። ቀሪው አባቴ ለዓመት በዓል ገበያ ያደለባቸው ሁለት የጅሩ ሰንጋዎች ናቸው። አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ብሩን በመሐረብ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ «መኪናው የሁላችንም ነው በሉ» ነው ያለኝ። አሁን በሕይወት የለም፣ እንኳን ይህን አልሰማ።

ሥራው ጥሩ ነበር። ከሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ፣ ከእነዋሪ ስንዴና ጤፍ፣ ከመሐል ሜዳ በግ። ሲመለስ ሲሚንቶም፣ ቆርቆሮም፣ የተገኘውን። 50 ኩንታል ትጭናለች። ሹፌሩ ጓደኛችን የሹፌርነት ደመወዙን ይወስዳል፣ የረዳትና የናፍጣ ይወጣል፣ ለጎማና ለሞተር ትንሽ ይቀመጣል፣ የቀረውን ለሦስት። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፣ ጠርዙ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ከመነዳሪ ሁለት። ግሪስ። የረዳት አበል። ሸዋሮቢት አዳር። የፍሬን ሸራ፣ እንደገና የፍሬን ሸራ።

የፍሬን ሸራው ለምን እንደሚደጋገም መስመሩን የሚያውቅ ይገባዋል። ወደ ሸዋሮቢት ስትሄድ የምታልፈው የጣርማበር ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስትጀምር እግርህ ከፍሬን ላይ አይነሳም፣ በከባድ ማርሽ ካልያዝከው ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል። ሸዋሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ከዚያ ሽንኩርት ጭነህ ያንኑ ዳገት ትወጣለህ፣ ሞተሩ እያቃሰተ። ፍሪሲዮን በላ፣ ባሌስትራ ሰበረ፣ በ2015 ደግሞ ሞተር ወረደ። ሞተር ሲወርድ የተቀመጠው አልበቃም፣ 180 ሺህ ብር ጎደለ ተባለና እያንዳንዳችን ከኪሳችን 60 ሺህ ብር ጨመርን። ይሄ ደብተሩ ላይ አለ፣ በሦስታችን ፊርማ። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ቆይ እመጣበታለሁ።

ዘንድሮ ቤት ጀመርኩ። ግድግዳው ቆሟል፣ ማገሩ ተመትቷል፣ አንደኛው ዙር ጭቃ ተለስኗል፣ ቆርቆሮ ግን የለውም። ሰኔ ገባ። የደብረ ብርሃንን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ በረዶው ሲወርድ መሬቱን ነጭ አልብሶት ነው የሚያድረው። ባለፈው ሳምንት ዘንቦ ጠዋት ሄጄ ሳይ የምሥራቁ ግድግዳ ጭቃው ተንሸራቶ ወርዶ እግሩ ሥር ተከምሯል፣ ጭዱ ብቻ ማገሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እጄን ሳስገባ ወደዚያኛው ወገን አለፈ። እዚያው ቆሜ ለሁለቱም ደወልኩ። ድርሻዬን መሸጥ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ቅድሚያ ለእናንተ ነው፣ ካልፈለጋችሁ ለሌላ ሰው እሸጣለሁ። በቃ ይህንን ነው ያልኩት።

መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ጥለኸን ልትሄድ ነው?» መጣ። ምን ማለት ነው ጥለኸን? ሚስት ፈታሁ? አገር ከዳሁ? የሲሶ መኪና ባለቤት ነኝ፣ ሲሶዬን መሸጥ እፈልጋለሁ። ቀጥሎ ነው ትልቁ የመጣው። ስድስት ዓመት ገቢ በልተሃል፣ አሁን ዋናህን እንመልስልህ፣ ሦስት መቶ ሺህ። ለሞተሩ የጨመርኩት 60 ሺህስ ስል «እሱ ወጪ ነው» ተባልኩ። ገቢው ሲሆን በልተሃል፣ ወጪው ሲሆን ቀረ!

ወገኖቼ፣ እኔ ለማንም ብድር አላበደርኩም። ብር አስቀምጡልኝም አላልኩም። እኔ የገዛሁት የመኪና ሲሶ ነው። መኪናው ቢገለበጥ ሲሶው ኪሳራ የእኔ ነበር። ዋሻው በር ላይ ፍሬን ቢበጠስ ኖሮ ማንም «ና፣ ዋናህ ይኸው» አይለኝም ነበር። ታዲያ ዋጋው ሲጨምር ሲሶው ጭማሪ የማን ሊሆን ነው?

በ2011 አንድ ዶላር በባንክ 28 ብር ገደማ ነበር፣ 300 ሺህ ብር ማለት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ ከ130 ብር አልፏል። ያው 300 ሺህ ብር አሁን 2,300 ዶላር እንኳን አይሞላም። ናፍጣ ስንጀምር ሊትሩ 20 ብር አይሞላም ነበር፣ መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ ከ90 ብር አለፈ። መኪናም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ጎማውም መለዋወጫውም ከውጭ ነው። ሁለት ደላሎች ለየብቻቸው አይተው፣ አንዱ 3 ሚሊዮን ከ200፣ አንዱ 3 ሚሊዮን ከ400 ትሸጣለች ብለዋል። ሲሶው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። እኔም ድርቅ አላልኩም፣ ጓደኞቼ ናችሁና ዘጠኝ መቶ ሺህ ስጡኝ፣ በሁለት ጊዜ ክፈሉኝ አልኩ። እምቢ።

እሺ፣ እናንተ ሁለታችሁ ድርሻችሁን በሦስት ሦስት መቶ ሺህ ለእኔ ሽጡልኝ፣ ነገ ቤቱን ትቼ ተበድሬ እገዛችኋለሁ አልኩ። ሳቁ። ያ ሳቅ ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው። ዋጋውን ያውቁታል ማለት ነው። ለእኔ ሲሆን ብቻ ነው የማያውቁት።

ለሌላ ሰው ሽጥ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሞከርኩ፣ ሦስት ሰው አመጣሁ።

የመጀመሪያው ከነመካኒኩ መጣ። መካኒኩ ጥሩ ባለሙያ ነው፣ ሞተሩን ሳያስነሳ በፊት እጁን ጭኖ ቀዝቃዛ መሆኑን አየ። የዘይት መለኪያውን መዝዞ በጣቱ አሻሸ። ከዚያ አስነስቶ የዘይቱን ክዳን ከፈተና ጭስ ይተፋ እንደሆነ መዳፉን ደፋበት። ከሥር ገብቶ ባሌስትራውን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ወጥቶ «ንጹሕ ናት» አለ። ደስ አለኝ። ገዢው ከዚያ ሊብሬውን አየና «ስምህ የታለ?» አለኝ። ስሜ የለም። ስንገዛ ነገሩ እንዲቀልል ብለን ሊብሬውን በሹፌሩ ጓደኛችን ስም ነው ያወጣነው፣ ቦሎውንም መድኑንም እሱ እንዲጨርስ። እኔ ያለኝ ሦስታችንና ሦስት ምስክሮች የፈረምንበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሰውየው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው፣ አጥፎ መለሰልኝ። «ወንድሜ፣ አንተን አምኜህ ነው፣ ግን በዚህ ላይ ሚሊዮን ብር አላወጣም» አለ። አልፈረድኩበትም።

ሁለተኛው «ሲሶ መኪና ምን አደርገዋለሁ? ሁለት ጎማ ፈትቼ ልሂድ?» ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ከልቡ ነበር፣ ነገር ግን ሹፌሩ የእኔ ወንድም ይሁን አለ። ይሄ እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ፣ ሹፌራችን የሚኖረው በዚህች መኪና ነው። ለጓደኞቼ ስነግር ግን «ይኸው፣ የማናውቀውን ሰው ልታመጣብን» አሉ። ራሳቸው አይገዙም፣ ለሌላ ስሸጥ ሰውየው አይሆንም። መግቢያውን ሦስታችን ከፈትነው፣ መውጫው ላይ እነሱ ቆሙ።

ሕግ የሚያውቅ የአክስቴን ልጅ ጠየቅሁት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋራ ባለሀብትነት በግልጽ ይናገራል አለኝ። ድርሻህን መሸጥ ትችላለህ፣ ለውጭ ሰው ስትሸጥ ሸሪኮችህ ቅድሚያ የመግዛት መብት አላቸው። ካልተስማማችሁ ደግሞ ንብረቱ ይከፋፈል ብለህ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለህ፣ መኪና ተቆርሶ ስለማይከፋፈል በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ትካፈላላችሁ። መጀመሪያ ግን ወረቀትህንና ምስክሮችህን ይዘህ የጋራ መሆኑን ታስረዳለህ አለ።

ሐራጅ! እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚላወሰው። በሐራጅ ከተሸጠች በርካሽ ልትሄድ ትችላለች፣ ሦስታችንም እንጎዳለን። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሹፌሩ ነው። አራት ልጆች አሉት። የሦስተኛዋ የክርስትና አባት እኔ ነኝ። ልጅቷ ባየችኝ ቁጥር «አባባ» ብላ ሮጣ ነው የምትጠመጠምብኝ። እኔ የእሷን አባት ከእንጀራው ላስነሳ? እሱስ፣ ይህን እንደማላደርግ ስለሚያውቅ አይደል ሦስት መቶ ሺህ ብሎ የሚደፍረኝ? ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ፣ መውደዴን ዋጋ መቀነሻ አደረጉት።

ትናንት ሽማግሌ ተሰበሰበ። ጋሼ የምንላቸው፣ የሦስታችንንም አባቶች የሚያውቁ ትልቅ ሰው ሰበሰቡን። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ። እኔ ደብተሩን ይዤ ነበር የሄድኩት። ገና ስገልጠው እህል ነጋዴው «በጓደኛሞች መሀል ደብተር ምን ያደርጋል?» አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ መጨረሻ «ደብተሩን አምጣው፣ ስንት ደረሰኝ?» የሚለኝ ሰው ነው! ሦስት መቶ ሺህ ብርህን ውሰድ ያለውም እዚያው ነው። ሹፌሩ ቀና ብሎ አላየኝም፣ ስኒውን እያዞረ ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ከዚያኛው ንግግር ይበልጥ ጎዳኝ።

ጋሼ ደብተሩን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው የ2015ቱን ገጽ፣ የሞተሩን፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ ሹፌሩን «ይሄ ፊርማ ያንተ ነው?» አሉት። «አዎ ጋሼ።» «እሱ ስልሳ ሺህ ሲጨምር መኪናው የእሱም ነው ብለህ ነው ወይስ አበደረን ብለህ?» መልስ አልሰጠም። ጋሼ ደብተሩን ዘግተው ለእሁድ ቀጠሩን፣ ደብተሩንም እሳቸው ጋ አስቀሩት።

እሁድ የሁለቱን ደላሎች ግምት በጽሑፍ ይዤ እሄዳለሁ። ዘጠኝ መቶ ሺህ ካሉ እጃቸውን ስሜ እፈርማለሁ። ስምንት ከሃምሳም ቢሉ ለልጅቷ ስል እፈርማለሁ። ሦስት መቶ ሺህን ግን አልቀበልም፣ ሰኞ ጠዋት ማመልከቻዬን አስገባለሁ፣ ያስከፋም ያስከፋ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ላስቲክ ገዝቼ የምሥራቁን ግድግዳ አለበስኩት። ማታ ላይ ደመናው በአንኮበር በኩል ጠቁሮ ነበር።