አመክሮ የሌለው ልጅነት

ዲሲ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አለ። በ17 ዓመቱ እስር ቤት ገብቶ ከ24 ዓመት በኋላ ነው የወጣው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠቅለል አድርጌ ላጎርሰው እጄን ስሰድ ወደ ኋላ ሸሸና ክንዱን ፊቱ ላይ ጋረደ። ሁለታችንም አፈርን።

እሱስ ዕድለኛ ነው። የዲሲ ሕግ በልጅነቱ የተፈረደበት ሰው 15 ዓመት ከታሰረ በኋላ ዳኛ ፊት ቀርቦ ቅጣቱ እንደገና እንዲታይለት ይፈቅዳል።

ፊላደልፊያ ግን ጆ ሊጎን የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በ15 ዓመቱ ታሰረ። ከሌሎች ልጆች ጋር ሆነው በስለት ባደረሱት ጥቃት ሁለት ሰዎች ሞተዋል። የሟች ወገን ሐዘን ቀላል አይደለም፣ አልክድም። ግን አስቡት፤ ያኔ በኛ 1945 ነው፣ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ናቸው። ደርግ መጥቶ ሄደ። ኢሕአዴግም መጥቶ ሄደ። እሱ እዚያው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ በልጆች ላይ በግዴታ አይፈረድም አለ፤ በ2016 ደግሞ ድሮ የተፈረደባቸውንም ይመለከታል ብሎ ወሰነ። ሊጎንን በአመክሮ ውጣ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ተቆጣጣሪ እየተከተለው መኖር አልፈለገም። በ2021፣ በ83 ዓመቱ፣ ያለ አመክሮ ነጻ ወጣ። ዳኛው ካመነበት ግን ይህ ቅጣት ዛሬም በአንዳንድ ግዛቶች ልጅ ላይ ይፈረዳል።

የኛ የወንጀል ሕግ ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት አዋቂ እንኳ ከ20 ዓመት በኋላ የአመክሮ በር ይተዋል። ይህን ለፈረንጅ ስናገር ደረቴ ነፋ ይላል። ከዚያ ሀገር ቤት ያለው ጣጣ ትዝ ሲለኝ ይተነፍሳል። ልጁ 15 ካለፈው የአዋቂ ቅጣት ሊደርስበት ይችላል፤ ስለዚህ አንዲት ዓመት ብዙ ታመጣለች። የልደት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው ግን ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። እናት «ጤፍ ሲታጨድ ነው የወለድኩት» ትላለች፣ ሐኪም አጥንት አይቶ ይገምታል። እዚህ የተወለደበት ደቂቃ ሳይቀር ተጽፎ፣ ልጅ መሆኑን እያወቁ ነው የሚፈርዱበት።

ባልደረባዬን አሁን ከማጉረሴ በፊት እነግረዋለሁ። ባለፈው ዐይኑን ጨፍኖ ጎረሰና ቃሪያው በዛ ብሎ ተቆጣኝ።