ስንብትና ካላማዳሪያ

ወሎዬ እንግዳ ሲሸኝም ሆነ እንግዳ ሆኖ ሲሰናበት አይቸኩልም። «በሉ እንግዲህ» ብሎ ከመደቡ የተነሣ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ወሬ ይጨምራል፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ የታመመ ዘመድ ያስታውሳል፤ የመጣበትን ዋና ጉዳይ የሚያነሣው ግን መንገድ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁ በባለቤቱ እጅ ውስጥ እንዳለ ነው። በዚህ ጠባያችን ኮርቼ እንጂ አፍሬ አላውቅም ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አምና የወንድሜ ልጅ ከአንድ ያገለገለ ብስክሌት ጋር ከአዲስ አበባ የላከልኝ ፓምፕ ነው፤ እግሩን ረግጠው፣ ቆመው፣ እጀታውን በሁለት እጅ ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚነፉበት፣ ከግርጌው ሰዓት የመሰለ የግፊት መለኪያ ያለው ረጅም ፓምፕ።

ኮምቦልቻ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ደሴ ላይ ብስክሌት የገዛ ሰው ግማሹን መንገድ ብስክሌቱን ሲሸኘው ይውላል፤ እኛ ግን ከሐረጎ ተራራ ግርጌ ስለተቀመጥን በዚህ በኩል አንታማም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን ከአጥሩ በር ውጭ አስደግፌ፣ የፓምፑን አፍ ከፊት ጎማው ቫልቭ ላይ ገጥሜ መንፋት ጀመርኩ። በገፋሁ ቁጥር ንፋሱ ከቫልቩ ሥር «እስስስ» እያለ ይወጣል፤ የመለኪያው ቀስት ቀና ይልና ተመልሶ ይተኛል፤ ጎማው ግን እንደ ጾመኛ ሆድ ከቸርኬው ጋር እንደተጣበቀ ቀረ።

በሰፈራችን ፓምፕ ላይ የቆመ ሰው የግል ሥራ የለውም። ጎረቤቴ ሐጂ ከሱቅ ሲመለሱ ቆሙና፣ «ጠንከር አድርገህ ግፋው እንጂ፤ ቁርስ አልበላህም እንዴ?» አሉኝ። እትዬ ደግሞ ጀበናቸውን ከሰል ላይ ትተው ብቅ አሉና ካላማዳሪያው ተቀዷል የሚል ፍርድ ሰጡ። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ጉዳዩ መሐንዲስ የሚሻ መሆኑን በእርጋታ አስረዱ። እኔም አላዋቂ እንዳልባል፣ በንፋስ የሚሞላ የብስክሌት ጎማን ለገበያ ያበቃው ጆን ቦይድ ደንሎፕ መሐንዲስ ሳይሆን ቤልፋስት ይኖር የነበረ የእንስሳት ሐኪም እንደነበር፣ መጀመሪያ የሠራውም ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ እንደሆነ፣ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1888 እንዳገኘ ነገርኳቸው። ሐጂ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው የከብት ሐኪሙን ልጥራልህ?» አሉ። ቀልድ አልነበረም፤ ስልካቸውን አውጥተው ነበር።

ከሐኪሙ በፊት የደረሰው ጎሚስታው ልጅ ነው። የፓምፑን አፍ ነቅሎ አየና ሳቁን ለማፈን ወደ ጎን ዞረ። የብስክሌት ቫልቭ ለካ አንድ ዓይነት አይደለም። የመኪናውን የሚመስለው ወፍራሙ ቫልቭ መሐሉ ላይ መርፌ አለው፤ የፓምፑ አፍ ሲገባ ያንን መርፌ ስለሚጫነው፣ እያመነቱ በግማሽ የገጠሙት እንደሆነ በሩ ተከፍቶ፣ ዙሪያው ሳይጠብቅ፣ ያለው ንፋስ ሁሉ ይፈሳል። የእኔው ደግሞ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ቀጭኑ፣ የፈረንሳይ የሚባለው ነው። የፓምፑ አፍ ለሁለቱም እንዲሆን ሁለት ቀዳዳ ሲኖረው፣ እኔ ቀጭኑን ቫልቭ ይዤ ስታገል የቆየሁት ከሰፊው ቀዳዳ ጋር ነበር። ልጁ ትንሿን ብሎን ፈታ፣ ተጣብቃ እንዳትሆን በጣቱ አንዴ ጫን አድርጎ ለቀቃት፣ ካላማዳሪያው ባዶ ስለሆነ ቫልቩ ወደ ውስጥ እንዳይሸሽበት ከጎማው በኩል በአውራ ጣቱ ደገፈና የፓምፑን አፍ ቀጥ አድርጎ አስገባው። ዋናው ነገር ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቀለበት የቫልቩን አንገት እንድትይዝ ነው። ከዚያ መቆለፊያዋን አነሣት፤ በእኔ ፓምፕ ላይ የምታጠብቀው ስትነሣ ነው፤ ስትወርድ የምታጠብቅበትም አለ። «እስስስ» ወዲያው ጠፋ።

ችግሩ መቆለፊያዋ እስክትነሣ ድረስ አንድ እጅ ከቫልቩ ላይ መለየት የሌለበት መሆኑ ነው። ይህ ፓምፕ የተሠራበት አገር ሰዎች ሲተላለፉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው የሚያልፉ ሳይሆኑ አይቀሩም። እዚህ ግን የሚያልፈው ሁሉ እጁን ይዘረጋል፤ እጅ ሰጥቶ ትከሻ ያስከትላል፤ ከትከሻው በኋላ የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የዝናቡን ደኅንነት ይጠይቃል። የኋላውን ጎማ ልገጥም ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ሰው ሰላም አልኩ፤ በየሰላምታውም የፓምፑ አፍ እየተንጋደደ ወደቀ።

በመጨረሻ ገጠምኩና መንፋት ሲሰምርልኝ ደግሞ ጎማው እንግዳ ሆነ። በጎኑ ላይ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መስፈሪያ ነው) የሚል ተጽፎበታል፤ ቀስቱ 50 ላይ ሲደርስ ይብቃ አልኩ። «በሞቴ ትንሽ ጨምርለት!» አሉ እትዬ፣ ሁለተኛ ጉርሻ ሊያጎርሱ እንደ ተነሡ ሁሉ። ሐጂም 65 የሚችል ጎማ 80 የማይችልበት ምክንያት እንዳልታያቸው ተናገሩ። ወሎ ውስጥ ጠገብኩ ብሎ የታመነ እንግዳ እስካሁን አልተገኘም፤ ጎማው ግን አፍ አውጥቶ የሚለምን ስላልሆነ እኔ ለመንኩለት።

ከዚያ ስንብቱ መጣ። የፓምፑን አፍ መቆለፊያውን ፈትቶ በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ መንቀል ነው እንጂ፣ ማመንታትና ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ንፋስ ከማባከኑም ሌላ ቀጭኗን የቫልቭ ጫፍ ሊያጣምማት ይችላል። እኔ ያደግሁበትን ያውቃሉ፤ ቀስ ብዬ፣ እያባበልኩ፣ ሲወጣ መለስ እያደረግሁ ነቀልኩት። «እስስስስ!» አለ። «ፈሰሰ!» ብለው ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ አስተማሪው ራሳቸውን ያዙ። ጎሚስታው ግን አልደነገጠም። የመጨረሻዋ ፉጨት አብዛኛዋ ከጎማው ሳይሆን ከቱቦው ውስጥ ታፍኖ የቀረው ንፋስ ናት፤ ቫልቩን ከውስጥ የሚገፋው ግፊት ራሱ ይዘጋዋል ብሎ ምራቁን እንትፍ አደረገበት። አረፋ አልታየም፤ ብሎኗንም መልሶ አጠበቃት።

እትዬ በምራቅ አላመኑም። መለኪያው ይመስክር ብለው ብሎኗን አስፈትተው ፓምፑን እንደገና አስገጠሙን፤ ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቶ ሲያዩም፣ «ባዶ ነው አላልኩም?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። መለኪያው የሚያነበው የቱቦውን ግፊት ነው፤ የተዘጋ ቫልቭ ደግሞ በንፋስ ካልተገፋ አይከፈትም። አንድ ጊዜ ስገፋ ቀስቱ ብድግ ብሎ ወደ 50 ወጣ። በመካከሉ ከደሴ የመጣ አንድ እንግዳ የደሴ ንፋስ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ስላለ፣ ደሴ ላይ ተሞልቶ እኛ ዘንድ የወረደ ጎማ መለኪያ ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ቅናሹም አንድ ፒ.ኤስ.አይ. አይሞላም። ይህን ለእንግዳ መንገር ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የምነፋው ጎሕ ሲቀድ፣ የአጥሩን በር ዘግቼ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ሐጂ ከሱብሂ ሲመለሱ የፓምፑን ትንፋሽ ሰምተው በሩን ከፍተው ገቡ። አንድ እጄ ቫልቩን ይዟል፤ ሌላው መቆለፊያዋን ሊያነሣ ተዘጋጅቷል። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ሁለቱንም እጆቼን ሳልለቅ፣ በአገጬ፣ በተቻለኝ አክብሮት ሰላም አልኳቸው። ሐጂ ደነገጡ፤ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ድንጋይ ፈልገው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ እጅህን ምን ነካው?» ብለው ከመጀመሪያው እንዳጫውታቸው ጠየቁኝ።