ካናዳ ጎረቤት ናት እንጂ በሯ ክፍት አይደለም
«ትራምፕ ካሸነፈ ካናዳ እገባለሁ ያሉት ሁሉ ለወሬ ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። እኔ ከልቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በምርጫው ሌሊት የካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ተጨናንቆ ሲቆም፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ቤቴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ገጹን እየደጋገምኩ እከፍት ነበር። ያስቀረኝ ነጥብ ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚሉት፣ ካናዳ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ ለነዋሪነት የምትመርጥበት መንገድ፣ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በቋንቋ ይመዝንሃል። የዕድሜው ነጥብ ከ30 ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ 45 ላይ ዜሮ ይገባል። እኔ 46 ነበርኩ! «የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘህ ምን ያስጨንቅሃል» ላልከኝ ወንድሜ፦ ፓስፖርቱ ለጉብኝት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወር። በኤክስፕረስ ኢንትሪ ገብቼ ልኑር ካልክ የቋንቋ ፈተናው አይቀርልህም፤ እዚህ ተወልዶ ያደገው አሜሪካዊም ይፈተናል። ባለቤቴ «ለዜግነቱ በእንግሊዝኛ ተፈትነህ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና?» ብላ ሳቀችብኝ። ግብሩም አለ። የአሜሪካ ዜጋ እስከሆንክ ድረስ የትም ሆነህ ብትሠራ ገቢህን ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ፣ ታሳውቃለህ። የካናዳውን ፎርም ግማሽ ድረስ ሞልቼ ተውኩት። የይለፍ ቃሉን የጻፍኩባት ብጣሽ ወረቀት ግን ፍሪጁ በር ላይ እስከዛሬ አለች።